መርፌውን ቤቱ ሆኖ የሚጨርሰውን ታካሚ ማን ይከታተለዋል?

በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የተጀመረለት ታካሚ ሁሉ መድኃኒቱን ሆስፒታል ተኝቶ አይጨርስም። ትኩሳቱ ከበረደ፣ እህል መቅመስ ከጀመረና አልጋው ለሌላ ከተፈለገ «ቀሪውን መርፌ በአቅራቢያህ ባለው ጤና ጣቢያ ጨርስ» ይባላል። ይዞ የሚወጣው አንዲት የመውጫ ወረቀት፣ በፌስታል የተቋጠሩ ብልቃጦችና እጁ ላይ በፕላስተር የተጣበቀች፣ መድኃኒቱ የሚገባባት ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ያከመው ሐኪም የሚያውቅበት መንገድ የለም። የሚያውቀው ታካሚው ብሶበት ሲመለስ ነው፤ ያውም ወደ እሱ ከተመለሰ።

ይህ አሠራር በሌላው ዓለም የራሱ ስም፣ መመሪያና ክትትል ያለው ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በዘር የሚተላለፍ ብርቱ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ልጆች ከሆስፒታል ውጭ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ማከም እንደሚቻል ጽፈው አሳዩ። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በ2004 መመሪያ አወጣ፤ በ2018 ደግሞ አሻሻለው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አልጋ ይለቀቃል፣ ታካሚው ሆስፒታል ውስጥ ከሚይዝ ሌላ ኢንፌክሽን ይድናል፣ አስታማሚም ወደ ሥራው ይመለሳል። አደጋውም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። ካኑላው የገባበት ቦታ ይመረቅዛል፣ መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳል፣ ወይም በሽታው ማንም ሳያየው ይብሳል። ስለዚህ የዘርፉ ባለሙያዎች ታካሚውን ከማሰናበታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ይህ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ተመልሶ የመተኛት ዕድሉ ምን ያህል ነው?

በቦስተን ከተማ በሚገኘው የተፍትስ ሕክምና ማዕከል የሚሠሩ ሐኪሞች ጥያቄውን በቁጥር ለመመለስ ሞክረዋል። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይዘው የወጡ 782 ታካሚዎችን መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱን አሳተሙ። ከመቶው 26ቱ በ30 ቀን ውስጥ ሳይታሰብ ተመልሰው ተኝተዋል። የመመለስ ዕድልን ከፍ ካደረጉት ነገሮች መካከል ጄንታማይሲን የሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ መውጣት እና የዕድሜ መግፋት ይገኙበታል።

ነገር ግን እነዚህን አራቱን አዋሕዶ የተሠራው የትንበያ ቀመር ብርታቱ 0.61 ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ ማየት ይቻላል። ተመልሶ የተኛ አንድ ታካሚና ያልተመለሰ አንድ ታካሚ ጎን ለጎን አቁመን «የሚመለሰው የትኛው ነው?» ብንለው፣ ቀመሩ ከመቶ ጊዜ 61ዱን ትክክል ይመልሳል። ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሰው 50ውን ያገኛል። ያ ሁሉ ኮምፒውተር፣ ያ ሁሉ የተደራጀ መዝገብና ያ ሁሉ ላቦራቶሪ ባለበት አገር የተገኘው ብልጫ 11 ብቻ ነው። በእንግሊዟ ሼፊልድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታተመ ተመሳሳይ ሥራ የተሻለ ውጤት አግኝቷል። በዚያ ተመልሰው የተኙት ከመቶ 11 ገደማ ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሎቹ የተመለሱበት ምክንያት መርፌ የታዘዘለት ኢንፌክሽን ሳይሆን ሌላ ሕመም ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሰው የሚመለሰው መድኃኒቱ ስላልሠራ ብቻ አይደለም፤ ድሮም የነበረበት የልብ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሚነሣበትም ነው።

እንግዲህ እነዚህን ቀመሮች አምጥቶ በአማራ ክልል፣ አዊ ውስጥ ባለችው ኢንጅባራ ላይ መትከል ይቻላል ወይ? አይቻልም። የሚያስፈልገውም ቀመሩ ሳይሆን ቀመሩን ያስገኘው ትጋት፣ ማለትም ማን እንደተመለሰና ለምን እንደተመለሰ እየመዘገቡ መያዝ ነው። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ጤና ተቋማት ዛሬ ሊጀምሩት የሚገባው ይህንን ነው።

ለምን ቢሉ፣ በቦስተን መዝገብ ውስጥ ጨርሶ የሌሉ ምክንያቶች እዚህ ዋነኛ ስለሚሆኑ ነው። መንገዱን ብቻ እንውሰድ። ዳንግላና ኢንጅባራ አዲስ አበባን በደብረ ማርቆስ በኩል ከባሕር ዳር በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ናቸው። ኢንጅባራ ከባሕር ዳር 120፣ ዳንግላ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ሪፈር የተጻፈለት ሰው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለመድረስ የሚጠብቀው መንገድ ይኸው ነው። ከአስፋልቱ ገባ ያለ ቀበሌ የሚኖር ሰው ግን መጀመሪያ በእግር ወይም በቃሬዛ አስፋልቱ ላይ መድረስ አለበት። ክረምት ከገባ የአዊ ደጋ ዝናብ የሚታወቅ ነው፤ ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃ ያስቸግራል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድን በየጊዜው እየዘጋ ነው። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት መርፌ ያለፈው ታካሚ የትኛውም የውጭ አገር ቀመር ውስጥ ቦታ የለውም፤ በእኛ መዝገብ ግን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ መስፈር ይገባዋል።

ሥራውም ሌላ ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ከሆነ ቆይቷል። ትኩሳቱ የለቀቀው ገበሬ ካኑላው እጁ ላይ እያለ እንጨት ሲቆርጥ፣ አፈር ሲያለብስና ከሰል ሲያወጣ ቢውል አይፈረድበትም፤ ቤተሰብ የሚያድረው በዚያ ነው። ፕላስተሩ በላብና በጥላሸት ይርሳል፣ ይላቀቃል፣ በሦስተኛው ቀን ክንዱ ቀልቶ ያብጣል። ይህን ሰው «ካኑላውን እንዳታረጥብ» ብሎ ማሰናበት በቂ አይደለም። ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቆ፣ ካኑላውን ከሚሠራበት እጅ ወደ ሌላው አዛውሮ፣ በየዕለቱ የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ አረጋግጦ መላክ ግን ይቻላል። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ቋንቋም አለ። በአዊ ገጠር አፉን በአዊኛ የፈታ፣ አማርኛ ለገበያ ያህል የሚችል እናት ወይም አባት ብዙ ነው። የመውጫ ወረቀቱ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ማብራሪያው በአማርኛ በጥድፊያ ይነገራል። «ሽንትህ ከቀነሰ፣ ጆሮህ ከጮኸ፣ ክንድህ ካበጠ ሳትውል ሳታድር ና» የሚለው ምክር ታካሚው በሚያስብበት ቋንቋ ካልተነገረው እንዳልተነገረ ይቆጠራል። አዊኛ በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው። አንድ ገጽ የአደጋ ምልክቶችን በአዊኛ አትሞ ከመድኃኒቱ ጋር መስጠት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

መርፌው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥም የመመለስን ዕድል ይወስናል። በሀገራችን በብዛት የሚታዘዘው ሴፍትሪያክሰን ደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ለብዙ ኢንፌክሽኖች በቀን አንድ ጊዜ መስጠት ይበቃል። ከሆስፒታል ውጭ ለሚታከም ሰው በዓለም ዙሪያ ተመራጭ ያደረገውም ይኸው ነው። ሆኖም ጠዋትና ማታ ተብሎ የሚታዘዝበት ጊዜ ብዙ ነው። አልጋ ላይ ላለ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት በእግር ለሚያስኬደው ሰው ግን ማታ ሄዶ በጨለማ መመለስ የማይታሰብ ስለሆነ የማታው መርፌ ይቀራል፤ የታዘዘው መጠን ግማሽ ሆነ ማለት ነው። የማጅራት ገትር ዓይነት ከባድ ሕመም ሁለት ጊዜ መስጠትን ግድ ይላል፤ እንዲህ ያለው ታካሚ ቀድሞውንም ቤቱ መላክ የለበትም። ለሌሎቹ ሐኪሙ ሲያዝዝ «ይህ ሰው ማታ ማን ይወጋዋል?» ብሎ ቢያስብ፣ ከማንኛውም የኮምፒውተር ትንበያ የበለጠ ይጠቅማል።

የተፍትስ ጥናት ያነሣው የጄንታማይሲን ቤተሰብም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር፣ ታካሚዎች ለወራት መርፌ መወጋት ነበረባቸው። ሆስፒታል ተኝተው የጀመሩት ቀስ በቀስ በየአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ እየተወጉ እንዲጨርሱ ተደረገ። ብዙ ሰው ዳነ፤ ከዳኑት መካከል የመስማት ችሎታቸውን ያጡም አሉ፤ መርፌው የውስጥ ጆሮንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን እንዲቀሩ መከረ፤ ዛሬ ሕክምናው በሚዋጥ መድኃኒት ሆኗል። ከዚያ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ረጅም የመርፌ ሕክምና ማካሄድ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ኩላሊትንና ጆሮን የሚከታተል ከሌለ ታካሚው የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ጄንታማይሲን ይዞ ለሚወጣ ሰው የኩላሊት ምርመራ ቀጠሮ የት፣ በስንተኛው ቀን፣ በማን ወጪ እንደሆነ ሳይወሰን ማሰናበት ጥፋት ነው።

በጨቅላ ሕፃናት ላይ የተሠራው ሥራ ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት ክብካቤ፣ ወደ ላይ መላክ የማይቻል ሲሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለታመመ ጨቅላ በጤና ኬላ ለ7 ቀን ጄንታማይሲን እንዲወጉና የሚዋጥ አሞክሲሲሊን እንዲሰጡ ሠልጥነዋል። የሚጠቀሙበት ሠንጠረዥ በራሱ የትንበያ መሣሪያ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ የደረሰ ወይም ከ35.5 በታች የወረደ፣ ጡት መጥባት ያቆመ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ጨቅላ አደጋ ላይ ነው ይላል። ይህን ለማወቅ ሰዓት፣ ቴርሞሜትርና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። በአሥረኛ ክፍል ትምህርት የጀመረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ማድረግ ከቻለች፣ ለአዋቂ ታካሚ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት የሚያቅት አይሆንም።

የሚመለሰውን ሰው አስቀድሞ ማወቅ ትርጉም የሚኖረው መመለሱን የሚያስቀር ነገር ሲደረግለት ነው። ለዚህ ከጎጃም የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የኖሩ ገበሬዎችን የሚያጠቃው ዝሆኔ እግርን ከማሳበጡ በላይ በየጊዜው ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ያስነሣል። ያበጠው እግር ሲመረቅዝ ሰውየው ሆስፒታል ይገባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ይሻለዋል፣ ይመለሳል። በምሥራቅ ጎጃም 696 የዝሆኔ ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ የሕመሙን መነሣት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያበጠ እግሩ መርቅዞ አንቲባዮቲክ የተሰጠውን ታካሚ ሳሙናና ጫማ ሳይሰጡ መላክ ተመልሶ እንዲመጣ ቀጠሮ መስጠት ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣ የሚመለስ መሆኑን ለማወቅ ቀመር አያስፈልግም።

ሌላም መታለፍ የሌለበት ጉዳይ አለ። መርፌ ከሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ ይበልጣል የሚለው እምነት በሕዝቡም በባለሙያውም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በብሪታንያ 26 ማዕከላት 1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ግን ይህን እምነት አናግቶታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕክምናው ያልተሳካላቸው በደም ሥር ከታከሙት ከመቶ 14.6፣ በአፍ ከወሰዱት ደግሞ 13.2 ነበሩ። ዴንማርክ ውስጥ 400 የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ታካሚዎች ላይ የተደረገውም፣ ሁኔታቸው ከተረጋጋ በኋላ ወደሚዋጥ መድኃኒት መዞር ከመርፌው እንደማያንስ አረጋግጧል። በእርግጥ ብሪታንያ ውስጥ ከታካሚዎቹ ከፊሎቹ የወሰዱት ሪፋምፒሲን እኛ ዘንድ ለቲቢ ተጠብቆ መቆየት ያለበት መድኃኒት ስለሆነ እንዳለ መቅዳት አይገባም። ቢሆንም ከሆስፒታል ለሚወጣ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ መድኃኒት የግድ በመርፌ መሆን አለበት?» የሚል ይሁን። ካኑላ የሌለው ክንድ አይመረቅዝም።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። ለሥራው አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊ ነርስ ይበቃሉ። መርፌ ይዞ ለሚወጣ ታካሚ ሁሉ አንድ መስመር ይከፈታል፤ ዕድሜው፣ ሕመሙ፣ መድኃኒቱና በቀን ስንቴ እንደሚወጋ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደተኛ፣ ስኳር ወይም የልብና የኩላሊት ሕመም እንዳለበት፣ ወደ ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት እንደሚሄድ፣ የእሱ ወይም የጎረቤት ስልክ ቁጥር ይጻፋል። ከ30 ቀን በኋላ ተደውሎ ወይም ጤና ኬላው ተጠይቆ የመጨረሻው ዓምድ ይሞላል፦ ዳነ፣ ተመልሶ ተኛ፣ ሌላ ቦታ ተኛ፣ ሞተ። ተመልሶ ከተኛም በምን ምክንያት እንደሆነ። ከጃዊ ቆላ የመጣ ሰው ትኩሳቱ ቢነሣበት ወባ ይሁን ለመድኃኒቱ ያልተበገረ ባክቴሪያ የሚለየው በዚህ ዓምድ ነው። ስልኩ ካልሠራ ወይም መንገድ ከተዘጋ ያም ይጻፍ። ጠፍቶ የቀረ ታካሚ እንደዳነ መቆጠር የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ችግር አለ። ታካሚ ሲመለስ የድሮው ካርድ አልተገኘም ተብሎ አዲስ ይወጣለታል። በወረቀት ላይ አዲስ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ተመልሶ መምጣቱም ከመዝገብ ይሰወራል። ስለዚህ መዝገቡ የሚከፈተው ካርድ ክፍሉ ጭምር ተስማምቶበት መሆን አለበት፤ የጤና መድን መታወቂያ ቁጥርም የሰውየውን ማንነት ለማገናኘት ይረዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የአዊ ጎረቤት የሆነው ደቡብ አቸፈር ነበር። ዛሬ አሠራሩ ተስፋፍቶ ብዙ ቤተሰብ ካርዱን ይዟል። መድኑ ከዚህ ሥራ ራሱም ይጠቀማል፤ ተመልሶ የሚተኛ ሰው የሚያስወጣው ሁለተኛ ዙር የአልጋ፣ የላቦራቶሪና የመድኃኒት ወጪ ከመድኑ ኪስ ነውና።

ደብተሩ ሲሞላ ትንበያ ማውጣት ይቻላል። በስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ መነሻ አለ፤ ቀመሩ ውስጥ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ምክንያት ቢያንስ አሥር ተመልሰው የተኙ ሰዎች ሊኖሩ ይገባል። አምስት ጥያቄ ያለው ሠንጠረዥ 50 የተመለሱ ሰዎችን ይጠይቃል። ለምሳሌ ከመቶ 15 የሚመለስ ቢሆን 330 ያህል ታካሚዎችን መመዝገብ ይበቃል ማለት ነው። የኢንጅባራና የዳንግላ ሆስፒታሎች በአንድ ላይ ቢሠሩ ይህ የማይደረስበት ቁጥር አይደለም። የኢንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራንና ተማሪዎችም በየዓመቱ የምርምር ርዕስ ይፈልጋሉ፤ ከደጃቸው ያለ፣ ለጎረቤታቸው የሚጠቅም ርዕስ ይኸውላቸው።

አንዳንዶች የሰው ኃይል እጥረት ባለበት፣ መድኃኒት በሚያልቅበት፣ ሰላም በታጣበት ጊዜ መዝገብ ማውራት ቅንጦት ነው ይሉ ይሆናል። ስጋታቸው ከእውነት የመጣ ነው፤ ነርሶቹ በእርግጥ ተጨናንቀዋል። ግን ችግር በበዛ ቁጥር ጥቂቱን አቅም የት ላይ ማዋል እንደሚገባ ማወቅ የግድ ይሆናል። ሃያ ታካሚ መርፌ ይዞ ቢወጣና ለአራቱ ብቻ መደወል ቢቻል፣ የትኞቹ አራት እንደሆኑ የሚነግረን ያለፈው ወር መዝገብ ነው። መዝገብ ከሌለ የሚደወለው ስልኩን ቶሎ ለሚያነሣ ከተሜ ነው፤ ሩቅ ያለው ይረሳል።

የዞኑ ጤና መምሪያ፣ የኢንጅባራና የዳንግላ ሆስፒታሎች ሥራ አስኪያጆችና የጤና መድን ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይህን ይወስኑ፦ ከመስከረም ጀምሮ መርፌ ይዞ የሚወጣ ታካሚ ሁሉ ይመዝገብ፣ የአደጋ ምልክቶቹ በአዊኛና በአማርኛ ታትመው ይሰጡት፣ በ30ኛውም ቀን የት እንዳለ ይጠየቅ። ካኑላ እጁ ላይ ይዞ የሚወጣ አንባቢም የተቀባይ ጤና ጣቢያውን ስም፣ የሚቀሩትን መርፌዎች ብዛትና ቢብስበት የሚደውልበትን ቁጥር ሳይቀበል ከሆስፒታሉ ግቢ እንዳይወጣ።